ከምንጩ ራስ ስልሳ እርምጃ

ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ አንድ ዓይነ ስውር ሰው አታልያለሁ። ሰውየው የመንደራችን የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን መምህር፣ የኔታ ነበሩ፤ ያታለልኳቸውም በድንች ምክንያት ነው። ይህን ነገር ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ «በልጅነቴ የሠራኋቸው ጥቃቅኖች» ብዬ ከሌሎቹ ጋር ደባልቄ ነው ያሳለፍኩት።

መንደራችን ከገሳይ ከተማ በላይ፣ የጉና ተራራ ወገብ ላይ ናት። ሠላሳ ቤት አትሞላም። ብርዱ ጤፍ አያበቅልም፤ የሚበቅለው ገብስ፣ ባቄላና ድንች ነው፤ ከሦስቱ ቤት የሚያቆመው ደግሞ ድንቹ ነው። አባቴ እኔ ጡት ሳልጥል ስለሞተ መሬታችንን በሰው በሬ የምታሳርሰው እናቴ ብዙነሽ ነበረች። ከመሬቷ ሁሉ የሚበልጠው ማሳ ከአስታ ምንጭ በላይ ያለው፣ እስከ ገደሉ ሥር የሚደርሰው ቁራሽ ነው። አስታ ምንጭ መንደሩ ሁሉ የሚቀዳበት ምንጭ ነው፤ ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው ሰዎች በሲሚንቶ ሣጥን ከድነው ቧንቧ አውጥተውለታል።

የማሳችን ድንች ስም ነበረው። እናቴ ሲተከል ዳፕ፣ ሲኮተኮት ዩሪያ የሚባል ማዳበሪያ ትጨምርበታለች። ዩሪያ ነጭና ድብልብል ነው፤ ስኳር ይመስላል። ስኳር አለመሆኑን በምላሴ አረጋግጫለሁ።

በዚያ ዓመት ከቧንቧው ሥር ያለው የከብት ገንዳ አረንጓዴ ለበሰ። እኛ ልጆች ደስ አለን። በጣታችን ስናነሳው እንደ ክር ይረዝማል፤ አንዳችን በአንዳችን አንገት ላይ እናንጠለጥለው ነበር። ትልልቆቹ ግን ከብቶቻቸውን ከገንዳው ይመልሳሉ። አንድ ቀን ከልማት ጣቢያ ሕይወት የምትባል ወጣት ሠራተኛ መጣች። የደብረ ታቦር ልጅ ናት፤ ሱሪ የለበሰች ሴት ሳይ የመጀመሪያዬ ስለነበር ከውሃው ይልቅ እግሯን ነበር የማየው። ከቦርሳዋ የብርጭቆ ቱቦ አወጣች፣ ከቧንቧው ውሃ ቀዳችበት፣ ትንሽ ዱቄት ጨምራ ነቀነቀችው። ውሃው ቀስ እያለ ቀላ። ያፈረ መሰለኝ።

«ማዳበሪያው በዝናብ እየታጠበ ወደ ምንጩ እየወረደ ነው» አለች ሕይወት። «ለእኛ ለትልልቆቹ ብዙም አይደል። ለጨቅላ ግን አይሆንም። ትንፋሽ ያሳጥራል።»

የሰዉ ሁሉ ዓይን ወደ አሰለፈች ሆድ ሄደ። አሰለፈች የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር የአያ ይሻው ሚስት ናት፤ ሆዷ ገፍቶ ነበር። እሷም ሰው ሁሉ ሲያያት ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ሆዷን ሸፈነች፤ ውሃውን ያቀላችው እሷ የሆነች ይመስል።

በሳምንቱ ኮሚቴው ደንብ አወጣ። ደንቡን ብዙ ጊዜ ሲነበብ ስለሰማሁት ዛሬም በቃሌ እለዋለሁ፦ ከምንጩ ራስ ወደ ላይ እስከ ስልሳ እርምጃ ዳፕም ሆነ ዩሪያ አይጨመርም፣ እበት አይከመርም፣ ከብት አይታሰርም። በስልሳው እርምጃ መጨረሻ ላይ የወሰን ድንጋይ ይቆማል።

ስልሳ እርምጃ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በማግስቱ ነው። ከጎታው ጀርባ ተደብቃ የምትጥል ዶሮ ነበረችን፤ እንቁላሏን ፍለጋ ተንበርክኬ ሳለሁ እናቴና ሕይወት ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ያ ማሳ ያለ ማዳበሪያ ድንች አይሰጥም» አለች እናቴ። «ድንቹ ከሄደ ልጅቷን በምን አሳድጋታለሁ?»

ከዚህ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም፤ አፌን በቀሚሴ ይዤ ማልቀስ ጀምሬ ነበር። ከእኛ በታች ትኖር የነበረችው ፈንታነሽ መሬታቸው በሽግሽግ ሲሄድ ከተማ ለሰው ቤት ተሰጥታለች። በዓመቱ ልትጠይቀን ስትመጣ እጇ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ከእኛ ጋር መጫወትም ረስታለች። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። ድንጋዩ ከማሳችን በታች ከቆመ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ከማሳችን በላይ ከቆመ እሰጣለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ሁሉ ወደ ምንጩ ወረደ። ግንቦት ነው፤ ማሳው ታርሶ ለዘር ተዘጋጅቷል። ሕይወት ቢጫ የመለኪያ ጥቅልል ከቦርሳዋ ስታወጣ የሁሉም ፊት ተለወጠ። በመሬት ሽግሽጉ ጊዜ የእነ ፈንታነሽን መሬት የቆረጠው እንዲህ ያለ ጥቅልል ስለነበር በመንደራችን ሜትር የሚባል ነገር በመልካም ስሙ አይነሳም። ሕይወትም ገባት፤ መልሳ ከተተችው።

«እርምጃ ነው የተባለው፣ በእርምጃ ይለካ» አለ አያ ይሻው።

«በማን እግር?» አለ አያ አስረስ።

አያ አስረስ ከእኛ ቀጥሎ ያለው ማሳ ባለቤት ነው፤ አጭር ሰው ነው። አያ ይሻው ደግሞ የቤቱ ጉበን አጎንብሶ እንጂ አያስገባውም።

«በሰው እግር ነዋ» አለ ይሻው።

«አንተም ሰው ትባላለህ? አንተ ስልሳ ጊዜ ከተራመድክ ጉና ጫፍ ትደርሳለህ።»

«በአንተ ከተለካ ደግሞ ምንጩ ራሱ ከወሰኑ ውጭ ይቀራል።»

በእኛ አገር ጨርቅ የሚገዛ ሰው ክንደ ረጅም ወዳጁን ገበያ ይዞ መውጣቱ የታወቀ ነው፤ ሻጩም ክንደ አጭሩን ያስጠራል። የእግርም እንዲሁ ሆነ። ውሃ የሚሻው ወገን ይሻውን አቆመ። ማሳ ያለው ወገን አስረስን አቆመ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው እግራቸውን ሲያሳዩ ሰዉ መሳቅ ጀምሮ ነበር። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ «የኔታ ይለኩት» አሉ። የኔታ ከዋድላ የመጡ ናቸው፤ መሬት የላቸውም፣ ዘመድ የላቸውም። በማን ማሳ ላይ እንደቆሙም አያዩም። ከዚህ የተሻለ እግር ከየት ይመጣል?

የሚመሯቸው ተማሪዎች ግን ወደ አንበሳሜ ሄደው ነበር። ሰዉ ዙሪያውን ሲያይ እኔ ፊት ለፊት ቆሜያለሁ።

«ውብአለም ትምራቸው» አለ ይሻው።

«የብዙነሽ ልጅ እኮ ናት» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ዘጠኝ ዓመት ያልሞላት ልጅ ስለ ድንች ምን ታውቃለች?»

ስለ ድንች ሁሉንም አውቅ ነበር።

እናቴ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ «ቀጥ አድርገሽ ምሪያቸው» አለችኝ። ይህን ስትል አንድ ዓይኗን አጠበበች። ምልክት ነው አልኩ በልቤ። አሁን ሳስበው ፀሐይዋ ከፊት ለፊቷ ነበረች።

የኔታ የመቋሚያቸውን ጫፍ ሰጡኝ፣ ሌላውን ጫፍ እሳቸው ያዙ፣ ጀርባቸውን ለሲሚንቶው ሣጥን ሰጥተው ቆሙ። ከዚያ በግዕዝ እየቆጠሩ ተነሡ። አሐዱ። ክልኤቱ። ሠለስቱ። እስከ ዐሠርቱ ድረስ ቀጥ ብዬ መራኋቸው፤ ይህን ለመታመን ነው ያደረግሁት። ከዚያ ጉም ከሸለቆው ተነሥቶ ምንጩ ዘንድ የቆመውን ሰው ሸፈነልኝ። እግዚአብሔር ከእናቴ ወገን መሆኑን አወቅሁ።

«እዚህ ጋ ድንጋይ አለ፣ የኔታ። ወደ ግራ እንዙር።»

ወደ ግራ ዞርን።

«እዚህ ደግሞ ቦይ አለ። ወደ ቀኝ።»

ወደ ቀኝ ዞርን። እንዲህ እያልን አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ፣ ከማሳችን በታች ያለውን ሽቅብ መሬት እንደ ሸማኔ ስንመላለስበት ቆየን። የኔታ መቁጠራቸውን አላቋረጡም። እስራ፣ ሃያው ላይ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ።

«ይህች ተረተር ባለፈው ሳልፍባት ድንጋይ አልነበራትም» አሉ።

«ትናንት ተንከባሎ መጣ፣ የኔታ።»

«ሁሉም በአንድ ቀን?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«የእግዚአብሔር ሥራ ነው» አሉና ቀጠሉ። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ «ፀሐይዋስ ምን ሆናለች ልጄ? ቅድም ግራ ጉንጬን ታሞቀኝ ነበር። አሁን ቀኜ ላይ ናት። አሁን ደግሞ ተመልሳ ግራዬ ላይ መጣች» አሉኝ።

አሳዘኑኝ። ዓይነ ስውር ሰው ፀሐይ የት እንደምትውል አለማወቁ አይፈረድበትም ብዬ «እንዲህ ናት፣ የኔታ» አልኳቸው በርኅራኄ።

ስሳ፣ ማለትም ስልሳ ሲሉ ከማሳችን የታችኛው ጫፍ ለመድረስ አምስት እርምጃ ሲቀረን ነበር። መቋሚያቸውን ተክለው «ስሳ» አሉ ደግመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። እኔ ወደ ታች ዞሬ አላየሁም፤ ሰው ሲያሸንፍ ወደ ኋላ አይዞርም ብዬ። ብዞር ኖሮ የሁለታችን ዱካ በለሰለሰው መሬት ላይ እባብ የሄደበት መስሎ ተጋድሞ አየው ነበር። ጉሙም ቢሆን፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ ከሰዎቹ ጉልበት አላለፈም።

አያ ይሻው ወደ እኛ ወጣ። ዱካውን አየ። የኔታን አየ። እኔን አየኝ። ጉሮሮውን ጠረገና «የኔታ ስሳ ብለዋል። ድንጋይ አምጡ» አለ። አያ አስረስ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። የእሱም ማሳ ስለተረፈለት ከደስታ ብዛት የሚያለቅስ መሰለኝ። ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ በየኔታ ቅድስና ተነክተው ነው አልኩ።

እናቴ ብቻ ቀና ብላ ቆማ ነበር። ፊቷ ግን ውሃው በብርጭቆው ውስጥ የቀላውን ያህል ቀልቷል።

ቤት ስንገባ እግሬን ራሷ አጠበችኝ። እግሬን ካጠበችኝ ዓመት አልፎ ነበር።

«ደክሞሻል» አለች። «ብዙ መንገድ ነው የሄዳችሁ።»

«አልደከመኝም» አልኩ። ሰውን ያዳነ ሰው ድካም አይሰማውም።

በማግስቱ ጠዋት ከመኝታዬ ስነሣ እናቴ የለችም። ወደ በሩ ወጣሁ። ከቤታችን በር ማሳው ወለል ብሎ ይታያል። እናቴና አያ ይሻው ከድንጋዩ ዘንድ ነበሩ። በመጀመሪያ ይሻው ከምንጩ ራስ ተነሥቶ በእነዚያ እግሮቹ ሽቅብ ይራመድ ጀመር፤ እናቴ ከኋላው እየተከተለች እጇን እያወራጨች ትናገረዋለች። ቃሉ አይሰማኝም። ቆም ይላል፣ ትገፋዋለች፣ ደግሞ ይራመዳል። ከማሳችን ጫፍ ዘልቆ፣ ማሳውን ሁሉ አልፎ፣ ገደሉ ሥር ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ተመልሰው በዲጂኖ ድንጋዩን ፈነቀሉት። ሁለቱም ድንጋዩ ላይ ተጎነበሱ፤ ከወዲያ ከወዲህ ይዘው ይታገሉ ጀመር። እናቴ ወደ ታች፣ ሌባው ወደ ላይ። ድንጋዩ እየተንከባለለ ወደ ላይ ሄደ። እናቴ ተሸነፈች።

ስትመለስ እጇ ጭቃ ነው።

«ምን አየሽ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ጎሽ» አለችና ገብስ ልታሰጣ ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ይሻው ጠላቴ ሆነ። ሲያልፍ አልሳለመውም። ሁለት ጊዜ ጥጃውን ፈትቼ ላሟን እንዲጠባ አድርጌያለሁ፤ ማታ አሰለፈች ልታልብ ብትቀመጥ ላሟ ባዶዋን ናት። ለፍየል እረኞቹ ሁሉ ድንጋይ ሌባ መሆኑን ነገርኩ። እሱ ግን ባገኘኝ ቁጥር «ደህና ነሽ መሪዬ?» ይለኛል። ሌባ ሆኖ ሳለ መቀለዱ ይበልጥ ያናድደኝ ነበር።

በዚያ ክረምት እናቴ ድንች አልተከለችም። ማሳውን ሁሉ ባቄላ ዘራችው፤ አንዲት ጭብጥ ዩሪያ ሳትጨምር። ሐምሌ ላይ አሰለፈች ሴት ልጅ ወለደች፤ ፋሲካ ተባለች። መስከረም ላይ ደግሞ እናቴ ልብሴን አጥባ በአንድ ጨርቅ ቋጠረችው።

«ደብረ ታቦር ትሄጃለሽ» አለችኝ። «እነ ሕይወት ቤት።»

ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ለምን እንደሆነማ አውቃለሁ። ዓይነ ስውር አታልያለሁ፤ ተደርሶብኛል፤ ድንቹም ሄዷል። እናቴ እስከ መታጠፊያው ሸኘችኝና ቆመች። ከዚያ ወዲያ እስከ ገሳይ የወሰደኝ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አያ ይሻው ነው፤ በበቅሎው። መንገዱን ሙሉ አላናገርኩትም። የተቆላ ባቄላ ሲሰጠኝ እምቢ አልኩ። ሁለተኛው ወንዝ ጋ ስንደርስ ግን ራበኝና እጄን ዘረጋሁ፤ ፊቱን አዙሮ ሰጠኝ፣ እንዳላፍር። ይህን ያስተዋልኩት አሁን ስጽፈው ነው።

ደብረ ታቦር የሕይወት እናት ወይዘሮ እቴነሽ ተቀበሉኝ። እራት ከተበላ በኋላ ሳልታዘዝ ተነሥቼ ሳህኑን ሁሉ አጠብኩ። የፈንታነሽን እጅ እያሰብኩ ነበር።

«ማን አዘዘሽ?» አሉኝ ወይዘሮ እቴነሽ።

«ማንም።»

«እንግዲያው ተይው። ነገ ትምህርት ቤት ትመዘገቢያለሽ፣ ጣትሽ አይበላሽ።»

አላመንኳቸውም። መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንዲህ ይላሉ ብላ ፈንታነሽ ነግራናለች። ስለዚህ ለሁለት ወር ያህል ሳያዩኝ ሳህን አጠብኩ፤ ቅጣቴ ቶሎ እንዲያልቅልኝ። ኅዳር ላይ ደብተር ተገዛልኝ፤ ጥር ላይ ጫማ። ቅጣቱ እየከበደ ነው የሄደው። በዚህ ዓይነት አሥር ዓመት ተቀጣሁ፤ ከዚያም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገባሁ።

የድሮውን ነገር ያስነሣብኝ ያለፈው ጥቅምት ነው። እናቴን ልጠይቅ መንደር ወጥቼ ነበር። ባለቤቴ ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር፤ ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም። የአስታ ምንጭ ዛሬም ከዚያው ቧንቧ ይወርዳል፤ ገንዳው ንጹሕ ነው። ፋሲካ ራሷ የሁለት ልጆች እናት ሆናለች፤ ልጆቿ ሲያለቅሱ ከማዶ ይሰማሉ፤ ሳምባቸው ጤነኛ ነው። እናቴና እኔ ማሳው ውስጥ እሸት ባቄላ ስንለቅም ሁለት ወጣቶች ከወረዳ መጡ። የምንጮችን ወሰን እየዞሩ ይመዘግባሉ። ዮናስ የሚባለው ጥቅልሉን ዘርግቶ ከሲሚንቶው ሣጥን እስከ ድንጋዩ ለካ፤ ስልኩን አየ፣ ደግሞ ለካ።

«እማማ፣ ይህ ድንጋይ ቦታው አይደለም» አለ።

«ቦታው ነው» አለች እናቴ፣ ከባቄላው ሳትቀና።

«ደንቡ ስልሳ እርምጃ ነው የሚለው። ድንጋዩ ከዚያ አሥራ አራት እርምጃ ያህል አልፏል። መሬትዎ ያለ አግባብ ተይዞብዎታል። ዝቅ እናድርግልዎትና ከላይ ያለውን ድንች ይትከሉበት፤ ማዳበሪያም መጨመር ይችላሉ።»

«የለኩት የኔታ ናቸው።»

«የትኛው የኔታ?»

«ነፍሳቸውን ይማር፣ አርፈዋል።»

«በምን ለኩት?»

«በእግራቸው። ዓይነ ስውር ነበሩ።»

ልጁ የተማርኩ መስዬው ይሁን ወደ እኔ ዞረ። እኔ ባቄላውን አየሁ።

«ዓይነ ስውር?» አለ።

«እንግዲህ ዓይን ያላችሁት አሁን መጣችሁ» አለች እናቴ። «ያኔ የነበሩን እሳቸው ናቸው። የለኩትን ሰው ሁሉ ቆሞ አይቷል። ብታፈርሱት መንደሩ ይጣላችኋል።»

ዮናስ ስልኩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈ አላውቅም። ድንጋዩ ግን እዚያው ቀረ፤ እናቴ የሰጠችውን እሸት በሁለት እጁ ተቀብሎ ሄደ።

እስኪርቁ ጠበቅሁ።

«እማ» አልኳት። «የኔታ የለኩት እዚያ ታች ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ነኝ ያጣመምኳቸው።»

«አውቃለሁ አልኩሽ። ሠላሳ ሰው አይቷል። አስረስ እስኪሞት ድረስ በሰርግ ቤት ሁሉ እየተነሣ እያስመሰለ ያሳይ ነበር፤ የአንቺን አመራር፣ የኔታን፣ ፀሐይዋን።»

ባቄላውን የያዝኩበት የቀሚሴ ጫፍ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር።

«ድንጋዩንስ? ይሻው ሲወስደው ታግለሽው...»

«ማን ታገለ? እኔ ነኝ ልጅ ልኬ ያስጠራሁት። ብቻዬን አልችለው ብዬ ነው። እሱ ደግሞ አሳዝኜው እግሩን እያሳጠረ አስቸገረኝ። እንደ ሰው ተራመድ አልኩት። ሲናደድ ጊዜ እንደ ይሻው ተራመደ፤ ገደሉ ሥር ደረሰ። አሥራ አራቱ እርምጃ የመጣው ከዚያ ነው።»

በመንደራችን ድንበር መግፋት የሚያጣላ፣ የሚያካስስ፣ አልፎም ደም የሚያፋስስ ነገር ነው። በራሷ መሬት ላይ ድንበር የገፋች ሰው ግን ከእናቴ ሌላ አልሰማሁም።

ያን ቀን ከጎታው ጀርባ ሆኜ ያልሰማሁትንም ነገረችኝ። አረንጓዴ የለበሰውን ገንዳ ለሕይወት መጀመሪያ ያሳየችው እሷ ናት። ደንቡም ይውጣ ያለችው እሷ ናት። «ልጅቷን በምን አሳድጋታለሁ?» ብላ ስትጠይቅ ሕይወት «እናቴ ዘንድ ትምጣና ትማር» ብላ መልሳላት ነበር። እናቴ «እሱንስ አልችልም፤ ያለ እሷ እንዴት እኖራለሁ» ብላ እምቢ አለች። አፌን በቀሚሴ ይዤ ሳለቅስ ያመለጠኝ ይህ ነው።

«ታዲያ ምን አስለወጠሽ?»

ይህን ስጠይቃት ቤት ገብተን ነበር። እናቴ እሸቱን ቀቅላ፣ እራቱን አቅርባ፣ ከፊቴ ተቀምጣለች።

«ድንጋዩን ካዛወርን በኋላ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ልጄ በድላዎታለች፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ይስቃሉ። እስኪያስላቸው ሳቁ። 'ልጅሽ ዕውር መምራቱን ችላበታለች፤ ከእንግዲህ ዓይን ያለው ሰው ጋ ላኪያት' አሉኝ። ለእሷ ቅጣት እንዲሆናት ነው? ብላቸው 'ለእሷ አይደለም' አሉ።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ቀኖና የሚሰጥ ቄስ ነው። እሳቸው ቄስ አልነበሩም፤ ምክር ነው ያሉት። እኔ ግን ለእኔ የተሰጠ ቀኖና ብዬ ያዝኩት። ለማሳዬ ሳስቼ ነው ልጄ እንዲያ ያደረገችው፣ ከእኔ ያየችው ነው ብዬ።»

«እኔ የተቀጣሁ መስሎኝ ነበር» አልኳት።

«አንቺማ ጫማ ተገዛልሽ» አለች። ሳቅ ልትል ነበር፤ ከዚያ ተወችው። «አሥር ዓመት ብቻዬን ነው እራቴን የበላሁት።»

እኔ ብቻዬን እራት መብላት ከጀመርኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። ይህን ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም፤ እንዴት ነሽ ስትለኝ ደህና ነኝ ነው የምላት። ያን ቀን ግን ከአፌ ያወጣሁት ሌላ ነገር ሆነ።

«እንዴት ቻልሽው?»

እናቴ ፊቴን አየችኝ። ምን እንደጠየቅኋት ገብቷታል።

«አልቻልኩትም» አለች። «በላሁ እንጂ።»

ከዚያ እንጀራውን ቆርሳ ወደ እኔ በኩል አደረገችው። እኔም በላሁ።